ዲኤክስ ማለት ምን ማለት ነው?

ዲኤክስ የመኪና ስም አይደለም። ቶዮታ ኮሮላን በደረጃ ከፋፍሎ ሲሸጥ፣ ከተራዋ ከፍ ላለችው የለጠፈው ማዕረግ ነው፤ «ዴሉክስ» ሲያጥር ማለት ነው። እኛ ማዕረጉን ስም አደረግነው። ሐይቅ ላይ አንድ ሰው «ዲኤክስ አለኝ» ካለ «የምን ዲኤክስ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ደግሞስ አንድ ጽሑፍ እዚያና እዚህ ሁለት ትርጉም ሲይዝ ምን እንደሚመጣ ለአምባሰል ሰው ይነገረዋል እንዴ? የ1881ዱ ውል የተፈረመው እኮ ውጫሌ ነው፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ሌላ፣ በጣሊያንኛው ሌላ።

የመኪና ፋብሪካዎች «ስፖርት» የሚሸጡበት ዘዴ የታወቀ ነው። የቤተሰብ መኪና ይሠሩና ቁመቷን ዝቅ፣ ጎማዋን ሰፋ አድርገው፣ ኋላዋ ላይ ሁለት ፊደል ይለጥፋሉ። እውነተኛዋን ፈጣን የሚገዛ ጥቂት ሰው ነው፤ ወሬዋ ግን ተራዋን ያሻሽጣል። ሆንዳ ሲቪክን በ«ታይፕ አር» ወሬ ሲሸጥ የኖረው እንዲህ ነው።

ዲኤክስን ስፖርት ያደረጋት ግን ማስታወቂያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው አራተኛዋ የኮሮላ ትውልድ ሳጥን የመሰለች፣ ቀላል፣ ከኋላ ጎማዋ የምትገፋ ነበረች። በ1983 የተተካችው ሴዳን ወደ ፊት ጎማ ዞረች። የኛ ልጆች የድሮዋን ዝቅ አደረጓት፣ ቀለም ቀቧት፣ ሙዚቃ ሞሉባት። የአባት መኪና የልጅ ስፖርት መኪና ሆነች።

የተቃራኒውም ምሳሌ አለን። ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ የሚገጣጥማቸውን የቻይና መኪኖች በወንዞቻችን ስም ጠራቸው፤ ሊፋን 520 «አባይ» ተባለች። ስሙ ያምራል። ስም ብቻውን ግን ድርጅት አያቆምም፤ ኩባንያው ከስሮ ቀረ።

አሁን ጨዋታው ተቀይሯል። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ፉክክሩ የኤሌክትሪክ ሆኗል። ቢዋይዲ ሲል የምትባለው ሴዳን በአራቱም ጎማ የምትነዳዋ ዓይነት ኋላዋ ላይ «3.8ኤስ» ተጽፎባታል፤ ከዜሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትደርስበት ሰከንድ ነው። አዲሱ ዲኤክስ ይሄ ነው።

እኔና ወንድሜ በእቁብ ገንዘብ መኪና ልንገዛ እያሰብን ነው። የዓመታት ቁጠባችን ነው፤ ቤተሰብ ሲታመም የሚሸጠውም እሱ ነው። ወንድሜ ልቡ ያለው በ«3.8» ነው። ሐይቅ ያለው አጎቴ፣ ባለ ዲኤክሱ፣ በስልክ ሲሰማ ሳቀ።

«ልጄ፣ የኔን ካርቡሬተር መርሳም ወልድያም የሚፈታው አለ። ያንተን ማን ይፈታዋል?»

«ጋሼ፣ ካርቡሬተር የላትም እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ!»

እንደ ሶፍትዌር ሠራተኛ ነገሩ ይገባኛል። የዛሬ መኪና ግማሽ አካሏ ኮድ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው ከመጡት መካከል ስክሪናቸው በቻይንኛ የሆነ አሉ፤ ሶፍትዌሩን የሚያድሰው ካልተገኘ ጎበዝ መካኒክም አይደርስላቸውም። የጉዞ ርቀቱም እንደ መለኪያው ይለያያል፤ በቻይናው መለኪያ የሚወጣው ቁጥር ከአውሮፓው ከፍ ይላል። የሁለቱም መለኪያ ጣርማ በርን አያውቅም። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመሃል ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተህ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ሐይቅ ሌላ 30። እዚህ መንገድ ላይ 3.8 ሰከንድ ምን ይሠራል?

ፍጥነት አያምርም እያልኩ አይደለም። ያምራል። ግን ዲኤክስ አርባ ዓመት የቆየችው ስለሮጠች አይደለም፤ በየከተማው የሚጠግናትና ነገ የሚገዛት ሰው ስላለ ነው። ለወንድሜ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩለት፦ ርቀቱ በየትኛው መለኪያ ነው? ባትሪው ቢበላሽ ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ነው፣ አስመጪው ወይስ ፋብሪካው? ደሴ ላይ ብትቆም የት ይነሣል ስልኩ? ቅዳሜ የመጀመሪያውን ሻጭ ሊያነጋግር ነው።