ቅዳሜና እሑድ በሐረር፤ አውቶሞቢልን ከጀጎል በር አቁሞ ስለ መግባት

ሳምንቱን ሙሉ ከጽሕፈት ቤቱ የማይለይ የመንግሥት ሠራተኛ ቅዳሜንና እሑድን ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ወጣ ቢል ለአካሉም ለመንፈሱም እንደሚበጀው የታወቀ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደምናየው፣ መንገደኛው ከተማውን ሳይሆን የከተማውን አደባባይ በመስተዋት ውስጥ አይቶ ይመለሳል፤ ግማሹን ቀን አውቶሞቢሉን የሚያቆምበት ስፍራ ሲፈልግ፣ ግማሹን ደግሞ ካቆመበት ለመውጣት ሲታገል ይመሽበታል። ልጆቹም ቤት ሲገቡ ምን አያችሁ ተብለው ቢጠየቁ የሚነግሩት የጡሩምባ ጩኸት ነው።

ስለዚህ ለዛሬ፣ ሁለት ቀን ብቻ ላለው ቤተ ሰብ፣ ወደ ሐረር የሚደረገውን ጉዞ እናሰላለን። ሐረርን የመረጥንበት ምክንያት፣ ከአገራችን ከተሞች መካከል እንደ ጀጎል በእግር ለሚሄድ ሰው የተመቸ፣ ለመንኰራኵር ግን የማይመች ከተማ ባለማግኘታችን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጀጎል የሚባለውን የድንጋይ ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠራው አሚር ኑር እንደ ሆነ ታሪክ ይመሰክራል። የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ በውስጡ የተከበበው መሬት 48 ሄክታር ነው፤ በዚችም ጠባብ መሬት ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮች እንዳሉ ተቈጥሯል። የዓለም መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ አግብቷታል። ከጥንት የነበሩት በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ሐረሪዎቹ ግን በራሳቸው ቋንቋ አስመዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁታት በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ አሱም በሪ እያሉ ይጠሯቸዋል። ስድስተኛው፣ ሐረር በር የሚባለው፣ ከእነዚህ በኋላ የተከፈተ ነው፤ አውቶሞቢል ገብቶ እስከ ፈረስ መጋላ የሚደርሰውም በዚሁ በር በኩል ባለው ሰፊ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በአብዛኛው ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን፣ አንዳንዱም ጭነት የያዘ አህያ ብቻውን የሚያልፍበት ነው።

በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ እንደ ነበር፣ እንግዳም መሣሪያውን ለበሩ ዘበኛ አስረክቦ ይገባ እንደ ነበር ይነገራል። ዛሬ በሩ አይዘጋም፣ መሣሪያም የሚጠይቅ የለም። ይሁን እንጂ እንግዳ አውቶሞቢሉን በዚያው ልማድ ከበር ቢያስረክብ ለከተማዪቱም ለራሱም መልካም ነው እንላለን። ባቡሩ እንኳ ቢሆን ወደ ሐረር አልገባም፤ ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር ድረስ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት የሚያስከትለው ድካምና ወጪ ስለ በዛ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበትም ስፍራ አዲስ ሐረር ተብሎ ቈይቶ ድሬ ዳዋ ሆነ። እንግዲህ ባቡርን ያቆመች ከተማ የእኛን አውቶሞቢል ብታቆም የሚያስቀይም ነገር የለበትም።

አሁን ወደ ጉዞው እንመለስ። ከአዲስ አበባ ሐረር በየብስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአዳማና በአዋሽ አድርጎ የጨርጨርን ተራሮች የሚያቋርጠው መንገድ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ መሄጃና መመለሻው ሁለቱንም ቀን ይበላልና ረዘም ያለ ፈቃድ ላለው ሰው እንተወው። ለሁለት ቀን የሚሻለው በአውሮፕላን ወደ ድሬ ዳዋ፣ በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ስም ወደ ተጠራው ማረፊያ መሄድ ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከድሬ ዳዋ እስከ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ከጥቂት የሚሆን መንገድ አለ፤ ደንገጎን ዘወርዋራውን ወጥቶ፣ በሐሮማያና በአወዳይ አልፎ ይደርሳል። መውጣቱ ሆዳቸው ለሚታወክ ልጆች ከባድ ነውና ከመነሣት በፊት ከበድ ያለ ምግብ ባይሰጧቸው ይሻላል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ስለሆነች ምሽቷ ይቀዘቅዛል፤ የድሬ ዳዋን ሙቀት አይቶ ጋቢውንና ሹራቡን በሻንጣው ታች የከተተ ሰው ማታ ይጸጸታል።

ቀኑንም መምረጥ ያሻል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቍልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለ ሆነ በዚያ ሰሞን መንገዱም ማደሪያውም በምእመናን ይሞላል፤ ወደ ንግሡ የሚሄድ ካልሆነ በቀር ሌላ ሳምንት መምረጥ ይበጃል። ከረመዳን ጾም በኋላ የሚውለው ሹዋልኢድ የሚባለው የሐረሪዎች በዓልም እንደዚሁ ሰው ይበዛበታል፤ ይህ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ስለ ተመዘገበ እሱን ለማየት የሚሄድ ማደሪያውን ብዙ ቀደም ብሎ ይያዝ። ስለ መንገዱም ሰላምና ሁኔታ ከመነሣት በፊት የሚያውቅን ሰው መጠየቅ አይጐዳም።

ማደሪያውን በሚመለከት ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ማረፍ ነው፤ አውቶሞቢሉ በግቢ ያድራል፣ ሾፌሩም ይመቸዋል። ሁለተኛው ከግንቡ ውስጥ በሐረሪዎች ቤት፣ ለእንግዳ በተሰናዳው፣ ማደር ነው። እኛ ሁለተኛውን እናደንቃለን፤ በውስጡ ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ቀይ ተቀብተው፣ በግድግዳው ላይ በስፌትና በሳሕን ያጌጠ ቤት ውስጥ ማደር ልጅ የማይረሳው ነገር ነው። ነገር ግን ሻንጣ እስከ ደጃፉ የሚያደርስ መኪና የለምና ዕቃው በእጅ የሚንጠለጠል መሆን አለበት። ሁለት ቀን ለመቈየት አራት ሻንጣ የሚያስጭኑ እመቤቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ስለ እነርሱ ሌላ ቀን እንጽፋለን።

ሾፌሩንም አስቀድሞ ማሰብ የጌታ ወግ ነው። ጌታው በጀጎል ውስጥ ሲዘዋወር ሾፌሩ ከበር ውጭ በመሪው ላይ ተደፍቶ ሙሉ ቀን እንዲጠብቅ ማድረግ አይገባም። የሚያድርበትንና የሚበላበትን ሰጥቶ፣ የምንገናኝበትን ሰዓትና በር ነግሮ ማሰናበት ይበቃል። በከተማው ውስጥ ለሚያስፈልግ አጭር መንገድ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ እስከ በሮቹ ያደርሳል። ሐረር በፔዦ 404 ታክሲዎቿ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት።

አንዳንድ ሰዎች ግን፣ በተለይ ከፍ ያለ ማዕርግ ያላቸው፣ በእግር መሄድን እንደ ውርደት ይቈጥሩታል። ይህንን በሐረር አንድ ቅዳሜ ጧት አይተነዋል። ሰፊ ነጭ አውቶሞቢል ከፈረስ መጋላ አልፎ ወደ ጠባቡ መንገድ ገባ፤ ጥቂት እንደ ሄደ የሁለቱም ወገን መስተዋት ከግድግዳው ተጠጋና ቆመ። ከፊት ለፊቱ እንጨት የተሸከሙ የገጠር ሴቶች ይመጡ ነበር፤ ወደ ገበያ ለመድረስ ከሌሊቱ የተነሡ ናቸው። መኪናው ወደ ኋላ መመለስ ስላቃተው ሴቶቹ ሸክማቸውን በጀርባቸው እንደ ያዙ ዞረው የመጡበትን ዳገት እንዲወጡ ተደረገ። ከሴቶቹ አንዲቱ ሸክሟ ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ፈሰሰና እየለቀመች ቀረች። በመኪናው ውስጥ የነበሩትም መስተዋታቸውን ዘግተው ተቀምጠው ነበር፤ በሩን ከፍቶ ለመውረድም ስፍራ አልነበረም። ክብርን ፈልጎ የገባ ሰው እንዲህ ካለው ክብር ቢርቅ ይሻለው ነበር።

በእግር የሚገባ እንግዳ የሚያገኘው ሰላምታ ሌላ ነው። ቅዳሜ ጧት ከፈረስ መጋላ ይጀመር፤ ትርጓሜው የፈረስ ገበያ ማለት ነው። በአደባባዩ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን የሐረር ሰዎች የሚያስታውስ ሐውልትም ቆሟል። ሁለቱን በአንድ አደባባይ አይቶ ለልጆች የአገራቸውን ታሪክ ከሁለት ወገን መንገር ይቻላል። ከዚያ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን የሰማ ሁሉ ስለ አውቶሞቢል ይመስለዋል፤ ነገር ግን በግራና በቀኝ ተቀምጠው የሚሰፉት የልብስ ሰፊዎች መኪና የሚያሰማው ድምፅ ነው። ጨርቅ መርጦ ገዝቶ ለሰፊው ሰጥቶ፣ ዞር ዞር ብሎ ሲመለሱ ተሰፍቶ መቀበል ይቻላል፤ እመቤቶች ይህንን እንዳይዘነጉት እናሳስባለን።

ከመኪና ግርግር ፈንጠር ብሎ ራምቦ ቤት የሚባለው ቤተ መዘክር አለ። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር ለንግድ መጥቶ እየሄደ እየተመለሰ ብዙ ዓመት ኖሯል። ቤቱ ራምቦ የኖረበት ሳይሆን የህንድ ነጋዴ ያሠራው መሆኑን ዐዋቂዎች ይናገራሉ፤ ቢሆንም ከእንጨት የተሠራው ጌጡና ከላይ ሆኖ የከተማዪቱን ጣሪያዎች ማየቱ የሚያስመሰግነው ነው። ራምቦ በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱን ክፉኛ ታሞ መራመድ ስላቃተው፣ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ ወደብ አድርሰውታል። በዚያው አቅራቢያ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ የእጅ ጽሑፎችን፣ ገንዘቦችንና የሐረሪዎችን ጌጥ ያሳያል።

ጉልበት ካነሣን ዘንድ፣ ሽማግሌና ባልቴት ይዞ ለሚሄድ ሰው የምንለው አለ። ከእኛ ጋር ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እመቤት ነበሩ። ከቤተ ሰቡ ብዙው «እሜቴ ከማደሪያ ይቈዩ» ሲል፣ እሳቸው «ሳላየው ከምሞት ቀስ ብዬ ብሄድ ይሻለኛል» አሉ። በባጃጅ እስከ ፈረስ መጋላ ደረሱ፤ ከዚያም ቍልቍለቱን በምርኵዝ ጀመሩ። ሃያ እርምጃ ሄደው ቢቆሙ ከአንዱ ደጃፍ የቤቲቱ ባለቤት ወጥታ «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ በርጩማ አወጣችላቸው፤ ቀጥሎ ከቡና ቅጠል የተፈላውን ቁጢ በወተት አቀረበችላቸው። ጥቂት አርፈው ሲነሡ ደግሞ ከሌላው ደጃፍ ሌላዋ ጠራቻቸው። እኛ ሙዚየሙን ሁሉ አዳርሰን ስንመለስ እሳቸው ገና ሦስት ደጃፍ ብቻ አልፈው ነበር፤ ነገር ግን የሦስቱንም ቤት ልጆች በስማቸው ያውቁ ነበር። ባልቴትን ይዞ መሄድ የሚያስቸግረው መንገዱ ሳይሆን የእኛ ችኰላ እንደ ሆነ ያን ቀን አየን። መጠንቀቅ ያለብን የመንገዱ ድንጋይ ስለሚያንሸራትት ጫማው ጠፍጣፋና የማያዳልጥ እንዲሆን፣ ዳገቱንም በእግር ከመመለስ ይልቅ በቅርቡ ወዳለው በር ወርዶ በዚያ ባጃጅ መያዝን ነው።

ወደ ሰው ቤት ሲገቡ ጫማን ማውለቅ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት መጠየቅ፣ ወደ አውልያ ስፍራም በጨዋ ልብስ መሄድ ይገባል፤ ይህንን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም።

ቅዳሜ ማታ ልጆች ጅብ ሲበላ ካላየን አንተኛም ማለታቸው የማይቀር ነው። ከፈላና በርና ከሰንጋ በር ውጭ፣ ጨለማ ሲይዝ፣ ጅቦቹን በስማቸው እየጠራ ሥጋ የሚያጐርስ ሰው አለ፤ ደፋር የሆነም እንግዳ በእንጨት ይዞ ያጐርሳል። ግንቡም ራሱ ከታች ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ሌሊት ገብተው ጥራጊውን ያጸዳሉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው በአውቶሞቢል መብራት ስለ ሆነ፣ በሁለቱ ቀን ውስጥ መኪናችን ለሐረር አንድ ጥቅም የሰጠችው በዚህ ነው። ሕፃናትን ግን በእጅ መያዝ ይሻላል።

እሑድ ጧት ለኤረር በር ይሁን። ከበሩ ውጭ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች አትክልቱን፣ ፍራፍሬውን፣ እንጨቱን ዘርግተው ይሸጣሉ፤ አህያውና ግመሉ ከዚያ ይራገፋል። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ከቀትር በፊት ከሐረር መነሣት ያስፈልጋል፤ ጊዜ ከተረፈ በድሬ ዳዋ በከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር መዞር ይቻላል። ሾፌሩም እንዲጠብቅ የሚነገረው በገባንበት በር ሳይሆን በምንወጣበት ነው፤ በሐረር በር ገብቶ በኤረር በር የወጣ ቤተ ሰብ ሾፌሩ በሐረር በር ከቆመ ግንቡን ዙሪያውን መዞር ይሆንበታል። ስፌት የሚገዛ ካለ ዋጋውን በቅዳሜ ጠይቆ እሑድ ይግዛ፤ ትልቁ ስፌት ከሻንጣ ስለማይገባ በአውሮፕላን ውስጥ በጭን ላይ ይያዛል።