ስምን ስለሚውጥ ቅጽል

ቅጽል በሰዋስው ሥርዓት የስም አገልጋይ ነው፤ ስሙን ይገልጠዋል እንጂ በስፍራው አይቀመጥም። ነገር ግን ጌታውን አስነሥቶ በወንበሩ የሚቀመጥ ቅጽልም ይገኛል።

በሆላንድ ሰዎች ቋንቋ «ስላፍስ» የሚባል ቅጽል አለ። ትርጓሜውም በገዛ አሳቡ የማይሄድ፥ የሌላውን ፈለግ እንደ ባሪያ የሚከተል ማለት ነው። ሥሩ «ስላፍ»፥ ባሪያ፥ ሲሆን፥ እርሱም በላቲን በኩል ከስላቭ ሕዝብ ስም የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን ከዚያ ወገን ብዙ ሰው እየተማረከ ስለ ተሸጠ የሕዝቡ ስም የባርነት ስም ሆነ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛም ዘንድ አለ። በዓባይ ወዲህና ወዲያ፥ በካማሺና በመተከል የሚኖሩትን ጉሙዞች ደገኛው ለብዙ ዘመን «ሻንቅላ» ይላቸው ነበር። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን መጥቶ ሳለ ይህን ቃል ሰምቶ በመጽሐፉ ጽፎታል። ቃሉ ግን የአንድ ነገድ ስም አይደለም፤ ጉሙዙም በርታውም፥ በኤርትራ ያለው ኩናማም በእርሱ ተጠርተዋል። የእነዚህ ሕዝቦች ቋንቋ ልዩ ልዩ ነው፤ በአንድ ስም ያጠቃለላቸው የመልካቸው ጥቁረትና የባሪያ ፈንጋዩ ዐይን ነው።

በካማሺ ገበያ አንድ ነጋዴ፥ ማር ይዞ የመጣ ሽማግሌን በዚሁ ቃል ሲጠራ ሰማሁ። ሽማግሌው ሳይቆጣ፥ «የማሬን ዋጋ ጠየቅኸኝ፤ ስሜንም ብትጠይቀኝ በነገርሁህ ነበር» አለው። ነጋዴውም ዝም አለ።

«አባቶቻችን ሲሉት የኖሩት ነው፥ ክፋት አላሰብንበትም» የሚሉ አሉ። ዳሩ ግን የቃል ክብደት የሚታወቀው በሚሸከመው ሰው ትከሻ ነው። ሆላንዳዊው «ስላፍስ» ሲል የሚሰማው ስላቭ በአጠገቡ የለም፤ ቢኖርም ስሙ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። የእኛው ቃል ግን ዛሬም በሰውዬው ፊት ይነገራል፥ እርሱም የአያቶቹን መሸጥ ከአባቱ ሰምቷል።

ባርነት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥትም «ጉሙዝ» የሚለው፥ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም፥ በክልሉ ስም ውስጥ ተጻፈ። አንደበትን ማቅናት ግን ለእያንዳንዳችን የቀረ ሥራ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ወደ ቆላ ብትወርድ ከዋጋው በፊት ስሙን ጠይቅ።