አሮጌዋ ሎደርና የጎረቤት ሐቅ



እንደሚታወቀው ከቤት ዕቃዎች መካከል በየዕለቱ የምንገለገልባቸው አሉ፤ በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ የሚፈለጉም አሉ። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው። ዕቃዋ ግን ድስት ወይም መሰላል ሳትሆን አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ግቢያችን ጥግ፣ በሸራ ተሸፍና የምትኖር አንዲት አሮጌ ትንሽ ሎደር ናት። የሠፈሩ ሰው «ቦብካት» ይላታል።

እኛ ሦስት ወንድማማቾች ነን። አንዳችን በመምህርነት፣ አንዳችን በጋራዥ ሥራ፣ አንዳችን በወተት ላሞች እርባታ እንተዳደራለን። ማሽኗን ሥራውን ካቆመ ተቋራጭ ገንዘብ አዋጥተን ስንገዛት ብዙዎች «ለመኖሪያ ቤት ይህ ምን ያደርጋል?» ማለታቸው አልቀረም። የአቃቂን መሬት የሚያውቅ ግን ነገሩ አይከብደውም። አፈሩ መረሬ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ የተነሣ ቤት የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፤ ግቢውንም ጠጠር ያለብሳል። ገልባጭ መኪናው ደግሞ ጭነቱን በር ላይ አራግፎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአካፋና የባሬላ ሥራ ነው። በእኛ ቤት በዚህ ላይ የላሞቹ ፍግ አለ።

የሚገርመው፣ የዚህች ማሽን ዘር የተገኘውም ከዚሁ ከፍግ ማውጣት ሥራ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ሲሪልና ሉዊስ ኬለር የተባሉ ወንድማማቾች በ1957 እ.ኤ.አ. አንድ የቱርክ ዶሮ አርቢ ባቀረበላቸው ጥያቄ መሠረት፣ በቤቱ ምሰሶዎች መካከል እየዞረች ፍግ የምታወጣ ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ ሎደር ሠሩ። ሜልሮ የተባለው ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ በ1960 ባለ አራት ጎማ አደረጋት። ቦብካት የሚለው ስም የወጣላት በ1962 ነው። የምትዞረው እንደ መኪና የፊት ጎማዋን አጥፋ አይደለም። የግራና የቀኝ ጎማዎቿ ለየብቻ ስለሚነዱ፣ አንደኛው ወገን ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲሄድ ባለችበት ትሽከረከራለች። በጠባብ ግቢ የምትወደደው በዚሁ ጠባይዋ ነው። በክረምት ጭቃ ግን ይኸው ጠባይ መሬቱን ያርሰዋል። ስለዚህ የእኛዋ ዝናቡ በሚበረታባቸው ወራት ታርፋለች።

ዕረፍቱ ታዲያ ያለ ወጪ አይደለም። ያልሠራ ማሽን ይታመማል። ባትሪው ይሞታል፤ ናፍጣው ውኃ ይቋጥራል፤ የሃይድሮሊኩ ጎሚኒዎች ይደርቃሉ። በመሆኑም ሥራ ባይኖርም በወር አንድ ጊዜ አስነሥተን ዘይቱ እስኪሞቅ እናንቀሳቅሳታለን። እውነቱን ለመናገር፣ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ የሚፈልጋት ሰው በሰዓት ቢከራይ ይሻለዋል። እኛን ያዋጣን ሦስት ሆነን ስለያዝናትና መካኒኩ ከቤት ስለሆነ ነው።

ከዘይትና ከናፍጣው ይልቅ ያሳሰበን ግን የጎረቤት ሐቅ ነው። ሱረቱል ማዑን ስሟን ያገኘችበት «ማዑን» የሚለው ቃል፣ ሙፈሲሮች ከሰጡት ትርጉም አንዱ ሰዎች እርስ በርስ የሚዋዋሱት መገልገያ ነው፤ ድስት፣ ባልዲ፣ መጥረቢያ የመሳሰለው። ይህን የሚከለክሉ ሰዎች በሱራዋ ተወቅሰዋል። ታዲያ ባልዲ መከልከል ካስወቀሰ፣ ሎደር ይዞ ዝም ማለት እንዴት ይሆናል?

አንድ የሠፈራችን ወጣት ይህንኑ ይዞ መጣ። ለእናቱ አንድ ክፍል ቤት ሊሠራ ገረጋንቲ በሩ ላይ አስደፍቷል። «ኡስታዝ፣ ቁልፉን ብቻ ስጡኝ፤ እስከ አሥር ሰዓት እመልሳለሁ» አለ። መኪና መንዳት ያውቃል፤ ይህችን ግን ነድቶ አያውቅም። አልሰጠነውም። በእኛና በእነርሱ መካከል ሰላምታ ቀዘቀዘ። እናቱ «በአላህ ጸጋ ጎረቤታቸውን ናቁ» ማለታቸውንም ሰማን። ይህ ቃል ለብዙ ቀን እንቅልፍ ነሣን።

የከለከልነው በንፍገት እንዳልነበር አላህ ያውቃል። የማሽኗ ሁለት ክንዶች በነጂው ግራና ቀኝ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከፍ ባለ ክንድ ሥር ያለ መደገፊያ የገባ ሰው ወይም አንገቱን በጎን ያወጣ ነጂ ሊደቅ ይችላል። ባልዲዋ ጭነት ይዛ ከፍ ካለች ልትገለበጥ ትችላለች። ቀዳዳው በዓይን ከማይታይ ቱቦ የሚረጨው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ስለዚህ ፍሳሹ የሚፈለገው በካርቶን እንጂ በእጅ አይደለም። መጥረቢያ ቢሰበር ሌላ ይገዛል። የሰው ልጅ ግን ምትክ የለውም።

ስለዚህ ወንድማማቾቹ ተማከርን። ቁልፉን አናውስም፤ ጉልበታችንንና ሰዓታችንን ግን እናውሳለን አልን። እሑድ ረፋድ መካኒኩ ወንድማችን ነጂ፣ እኛ ሕፃናትን ከአካባቢው አራቂ ሆነን ከወጣቱ ደጅ ተገኘን። እርሱ ናፍጣውን ሞላ፤ ሌላ ክፍያ አልተቀበልንም። ከቀትር በፊት ገረጋንቲው ገባ። እናቱም ቡና አፍልተው ጠሩን፤ ስለ ቀድሞው ነገር ማንም አላነሣም። ዛሬ ወጣቱ ከወንድማችን ጎን ሆኖ በባዶ ሜዳ ይለማመዳል። ሲበቃ ቁልፉን እርሱም ይይዛል፣ ኢንሻአላህ።

ውድ ወላጆች፣ ውድ ወጣቶች! ጎረቤት የሚጠይቀንን ሁሉ በጠየቀበት መንገድ መስጠት የማይቻልበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ «አይሆንም» ብሎ በር ከመዝጋት በፊት በሌላ መንገድ የሚሰጥ ነገር መኖሩን እንመልከት። ብዙውን ጊዜ ይኖራል፤ ከእኛ ግን የእሑድ ዕረፍታችንን ይጠይቃል።

አላህ ያለንን ለጎረቤቶቻችን መጥቀሚያ ያድርግልን። አሚን።