ጠዋት እምቢ የሚለው ኮምፒውተር

ቤታችሁ ውስጥ አንድ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ጥያቄ የትኛው ነው? «ምን ሆኖ ነው?» ወይስ «ማን አበላሸው?» እኔ ሁለተኛውን ከሚያስቀድሙት ነበርኩ። ይህን ልማዴን ያስተወኝ ደብረ ታቦር፣ እናታችን ቤት፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በእጃችን የገጣጠምነው የጌም ኮምፒውተር ነው።

ወንድሜ ገና ተማሪ ነው። በመካከላችን የ15 ዓመት ልዩነት ስላለ «እትዬ» ነው የሚለኝ። ኮምፒውተሩን ለመሥራት አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። ያገለገለ ማዘርቦርድ ከነፕሮሰሰሩ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ገዝታ በአውቶቡስ ላከችልን። ግራፊክስ ካርዱን ዱባይ የምትሠራው የአክስታችን ልጅ በሻንጣዋ ይዛልን መጣች። ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራም፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዙን ከደመወዜ እየቆነጠርኩ በየተራ ገዛሁ። ስንገጣጥም አንድ ብሎን አልገባ ብሎ ተስፋ ስቆርጥ፣ «እትዬ፣ ጋፋት ላይ መድፍ ተሠርቶ እኛን ኮምፒውተር ሲያቅተን ምን እንባላለን?» አለኝ። ጋፋት ከከተማችን ወጣ ብላ የምትገኝ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ቦታ ናት። ሣቄን ሳልጨርስ ብሎኑ ገባ። ማታ የመጀመሪያው ምስል ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እናታችን እልል አለች።

ችግሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ማብሪያው ሲጫን ፋኖቹ ይዞራሉ፣ መብራቶቹ ይበራሉ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

«ሌሊቱን ሙሉ ስትጫወትበት እያደርክ አቃጠልከው!» አልኩት።

«ኧረ እትዬ፣ ጠዋት ነው እምቢ የሚለው። ከሰዓት በኋላ ይነሳል» አለኝ።

አላመንኩትም። ከሰዓት በኋላ እኔ ቢሮ ነኝ። እኔ የሌለሁበትን ሰዓት መርጦ ሊጫወት የፈለገ መሰለኝ። የኃይል ገመዱን ነቅዬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። እናታችን «ልጁን ሳትሰሚው ፈረድሽበት» ብትለኝም ጆሮ አልሰጠኋትም።

ከዚያ በራሴ ግምት መግዛት ጀመርኩ። «ራሙ ነው» ያለኝ ሰው ስለነበር አዲስ ራም አመጣሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ አስገባሁት፤ ተነሳ! ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ስክሪኑ ጥቁር። «እንግዲያው ፓወር ሰፕላዩ ነው» ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። አሁንም ተነሳ። እሑድ ጠዋት እንደገና ጥቁር። ያጠራቀምኩት ብር አለቀ፣ ኮምፒውተሩም እንደታመመ ቀረ።

የምሠራው የገበያ ጥናትና ማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ነው። ሽያጭ ሲቀንስ ዋጋውን፣ ማሸጊያውንና ማስታወቂያውን በአንድ ጊዜ አንቀይርም፤ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልምና። ይህን ቢሮ ውስጥ ለሌሎች ሳስረዳ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ረሳሁት።

የዚያን እሑድ፣ ቡና እየተፈላ፣ ወንድሜን ጠርቼ «በል፣ አብረን እንፈልገው፤ የምንሞክረውንም እንጻፍ» አልኩት። ደብተሩን አመጣ። ባዶ ገጽ ፍለጋ ስገልጥ አንድ ሠንጠረዥ አየሁ። «ሐምሌ 9፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ብርድ፣ አልነሳም። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ፣ ተነሳ። ሐምሌ 10፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ዝናብ፣ አልነሳም።» እንዲህ እያለ ገመዱን እስከቆለፍኩበት ቀን ድረስ መዝግቦታል። እኔ ራሙንና ፓወር ሰፕላዩን ስቀይር «ተሳካልኝ» ያልኩት ቤቱ በሞቀበት ሰዓት ስለሞከርኩ ብቻ ነበር። ልጁ ዋናውን ምልክት በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል።

ስለዚህ ሁለት ሕግ አወጣን። ፈተናው ችግሩ በሚታይበት ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይሆናል። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። ተመሳሳይ ችግር ቢገጥማችሁ ይጠቅማችኋልና ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ።

ሰኞ ምንም የማያስወጣውን ሞከርን፤ የስክሪኑን ኬብል ቀየርን፣ ስክሪኑንም ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘነው። ደህና ነው። ማክሰኞ ራሞቹን አውጥተን አንድ በአንድ፣ በየመሰኪያው እያፈራረቅን አስገባን። ለውጥ የለም። ረቡዕ ግራፊክስ ካርዱን ነቀልን፤ ፕሮሰሰራችን የራሱ የምስል አቅም ስላለው ኬብሉን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካነው። ለውጥ የለም። ካርዱን ጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ስንሞክረው ጠዋትም ይሠራል። ሐሙስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ጎረቤታችን በቴስተር ፓወር ሰፕላዩን ለካልን። 12 ቮልት የሚባለው መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መሆን አለበት፤ አዲሱም፣ የጣልኩት አሮጌውም ደህና ነበሩ። በዚያው ቀን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ቀየርን። ለውጥ የለም። ዓርብ ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥተን ደረቅ ካርቶን ላይ አስቀመጥነው፤ የኬዙ ብረት ከኋላ ነክቶት ኮንታክት ሊፈጥር ይችላልና። ፕሮሰሰሩን፣ አንድ ራምና ኃይል ብቻ ሰጥተን አስነሳነው። አሁንም ጥቁር።

የማዘርቦርድ ምርመራ ጠባዩ እንዲህ ነው። ሁሉም ነገር እርሱ ላይ ስለሚሰካ የእርሱ ሕመም የሌላውን ይመስላል፤ የሌላውም የእርሱን። ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚፈረደው ሌሎቹ አንድ በአንድ ነጻ ከወጡ በኋላ ነው። ፕሮሰሰሩን የምንሞክርበት ሌላ ቦርድ አላገኘንም፤ ነገር ግን ፕሮሰሰር ከማዘርቦርድ ይልቅ እምብዛም አይበላሽም።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ሐሳብ ያመጣው ወንድሜ ነው። «እትዬ፣ ሲሞቅ የሚነሳ ከሆነ እናሙቀው» አለኝ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቀልን። የፀጉር ማድረቂያዬን በዝቅተኛው ሙቀት፣ ራቅ አድርገን፣ ፕሮሰሰሩ አካባቢ ጥቂት ደቂቃ ነፋንበት። መልሰን ስንሰካው ከለሊቱ ብርድ ያልወጣው ቤት ውስጥ፣ ጠዋት በ1 ሰዓት፣ ተነሳ።

ጠጋ ብለን በስልክ መብራት ስናየው ነገሩ ታየ። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ በርሜል ከሚመስሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች የሦስቱ አናት ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፍቷል። የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ውስጡ ፈሳሽ አለበት። እያረጀ ሲሄድ ፈሳሹ ይደርቃል፤ ያረጀውም በብርድ ጊዜ ይብስበታል፣ ሲሞቅ ትንሽ ይሻለዋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሐምሌ ጠዋቷ ጣት ይቆረጥማል። ቆላ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ምናልባት ለወራት ሳይታወቅ ይቆይ ነበር።

«ይቅርታ፣ ልሰማህ ይገባኝ ነበር» አልኩት። እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበርና እሱም ምን እንደሚመልስ ግራ ገባው። አንገቱን ደፍቶ «ነግሬሽ ነበር እኮ» አለ በለሆሳስ። እናታችን ከጓዳ ሆና እንዳልሰማች ሆነች።

ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግን ባለሙያ ሦስቱን ካፓሲተሮች ነቅሎ ሌላ በየደልን። መጠናቸው እኩል፣ ቮልታቸውም ከቀድሞው የማያንስ መሆን እንዳለበት አስረድቶናል። ቦርዱ ያገለገለ ስለሆነ ብዙ ዕድሜ ቃል አልገባልንም፤ ለአዲስ ማጠራቀም ጀምረናል። ትርፍ የገዛሁት ፓወር ሰፕላይ ለዚያ ይጠበቃል።

እናንተም ብትሞክሩት ጥቂት ነገር አትርሱ። ከመንካታችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉ፤ እጃችሁንም የኬዙን ብረት አስነኩ። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ንቀሉና መብራቱ መጥቶ እስኪረጋ ጠብቁ። በደጋ ከተማ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ፋን እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ የፋኖቹን አቧራ ቶሎ ቶሎ አጽዱ።

ነሐሴ 12 ጠዋት፣ እናታችን ለቡሄ ሙልሙል ስትጋግር፣ ወንድሜ ጋቢ እንደለበሰ ማብሪያውን ተጫነ። ውጭ ጭጋግ ነው።

«ተነሳ?» አለች እናታችን ከጓዳ።

«ተነሳ!» አላትና ደብተሩን ስቦ ሰዓቱን ጻፈ።