0 ስህተት፣ 1 ማስጠንቀቂያ

የእህቴ ልጅ ፕሮግራሙን ጽፎ ሲጨርስ ኮድ መጻፊያው ሜታኤዲተር የሰጠው ውጤት «0 ስህተት፣ 1 ማስጠንቀቂያ» የሚል ነበር። ስህተት የለም መባሉን አይቶ ደስ አለው፤ ማስጠንቀቂያውን ከፍቶ አላነበበውም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያራል።

በፕሮግራሙ የጠፋው ገንዘብ ታላቅ እህቱ ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። መርሳ ላይ የውሃ ሞተር ተገዝቶበት ሽንኩርት ሊለማበት ታስቦ ነበር። መርሳ ያለችበትን ሀብሩ ወረዳን የሚያውቅ ይገባዋል፤ ሞተር ያለው በበጋም ያመርታል፣ የሌለው ዝናብ ይጠብቃል። ልጁ ግን ወልዲያ ኮምፒውተር ተምሮ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ፣ ጭንቅላቱ ፈጣን ልጅ ነው። ሜታትሬደር በሚባለው የመገበያያ ሶፍትዌር ላይ በራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ፕሮግራም ሠርቶ፣ እህቱ በስሟ በከፈተችው ሂሳብ ሊነግድ ተነሣ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ይህን የምለው ስለማዝንለት ብቻ አይደለም፤ እኔም እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው፣ የእሱንም መስመር በመስመር አይቼዋለሁ።

ፕሮግራሙ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይገዛ ገድቦታል። ከአናቱ ላይ፣ ከፈንክሽኖቹ ሁሉ ውጭ፣ «ኢንት ግዢ = 0» ብሎ ቆጣሪ አስቀመጠ። ቀጥሎ ያችኑ መስመር ኦንቲክ በሚባለው ፈንክሽን ውስጥ ደገማት። ለምን ስለው፣ «ቀኑ ሲለወጥ ከዜሮ እንዲጀምር ብዬ ነው ጋሼ» አለኝ። ኦንቲክ ግን ቀን ሲለወጥ ሳይሆን ዋጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጠራ ነው፤ ገበያው በሞቀ ሰዓት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ይጠራል። በውስጡ የተፈጠረ ቫሪያብል ፈንክሽኑ ሲያበቃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ቆጣሪው ከዜሮ ተነሥቶ፣ አንድ ብሎ ይጠፋል። ዋጋው እንደገና ሲነቃነቅ ዳግም ዜሮ ነው። የላይኛውን ቆጣሪ የነካው የለም። ኮምፓይለሩ ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነበር፤ የውስጡ ስም የውጩን ጋርዶታል ነው ያለው። ከዚህ በላይ ምን ይበል?

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሙከራው ነው። ባለፉት ዓመታት ዋጋ ላይ ሲፈትነው ቶሎ እንዲያልቅለት ዕለታዊውን ቻርትና «የመክፈቻ ዋጋ ብቻ» የሚለውን አማራጭ መረጠ። በዚህ አማራጭ ኦንቲክ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። በቀን አንዴ በሚጠራ ፈንክሽን ውስጥ ያለ ቆጣሪ ሁልጊዜ ከዜሮ ቢነሣ በምን ይታወቃል? ፈተናውን ያለ እንከን አለፈ። «እያንዳንዱ ቲክ» የሚለውን መርጦ አንድ ሌሊት ቢተወው ኖሮ ጉዱ እዚያው፣ ምንም ገንዘብ ሳይነካ ይታይ ነበር። በእውነተኛው ሂሳብ ላይ በለቀቀው ዕለት ግን ሦስት ይገዛል የተባለው ፕሮግራም የንግዱ መያዣ የሆነው ማርጂን እስኪሟጠጥ ገዛ። ዋጋው ትንሽ ሲመለስበት ሁሉም በኪሳራ ተዘጋ።

እንደዚህ የወደቀ እሱ ብቻ አይደለም። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በፈረንጆች ኦገስት 1 ቀን 2012 በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። የተበላሸው ፕሮግራም የተቀበለው የደንበኞች ትእዛዝ 212 ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ። ከስምንቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ አሮጌ ኮድ ቀርቶ ነበር። ምን ያህል እንደተገዛ የሚቆጥረው ክፍል ደግሞ በፈረንጆች 2005 ወደ ሌላ ቦታ ስለተዛወረ፣ አሮጌው ኮድ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ያን ዕለት ገበያው ሳይከፈት ሲስተሙ ለሠራተኞቹ 97 ኢሜይል ልኮ ነበር። ትኩረት የሰጠው አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ስለ ቫሪያብል ያለውን ትምህርት ሳያገኝ ቀርቶ ቢሆን እንዲህ አልቆጭም ነበር። ተምሮታል። የሎካልና የግሎባል ቫሪያብልን ልዩነት ጻፍ ተብሎ፣ በወረቀት ላይ፣ ሙሉ ማርክ አግኝቶበታል። አንድ ሰው ያን ክፍለ ጊዜ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦት፣ ቆጣሪውን ከውስጥ ወደ ውጭ እያወጣ ውጤቱ ሲለወጥ ቢያሳየው ኖሮ! በ2015 ዓ.ም. በአካባቢው የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ቀድሞ ባወረዳቸው ፋይሎች ብቻ ሲለማመድ የቆየ ልጅ ነው፤ ለማየት የሚሰንፍ አልነበረም።

ደግሞ ከባዱን አውቆታል። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑን ለመዝጋት ቢገደድ ፕሮግራሙ የከፈተውን ንግድ እንዳይረሳ፣ መረጃውን ሜታትሬደር ራሱ በሚይዛቸው ግሎባል ቫሪያብሎች ውስጥ አስቀምጦ ነበር። እነዚያ ፕሮግራሙ ቢዘጋም፣ ሳይነኩ እስከ አራት ሳምንት ይቆያሉ። ይህን ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ይረሱታል። እሱ ግን የመርሳን መብራት ስለሚያውቅ አልረሳም።

አሁን ኮዱን አስተካክሎታል፤ ቆጣሪው ውጭ ነው፣ ወደ ዜሮ የሚመለሰው ቀኑ ሲለወጥ ብቻ ነው። በሙከራ ሂሳብ ላይ በየቀኑ ሦስት ገዝቶ ያቆማል። የሚያስገባበት ገንዘብ ግን የለም። እህቱ ሪያድ ያለውን ኮንትራቷን ለሁለት ዓመት አራዝማለች።