ወረቀቱን እጠፉ፣ መብራቱን ግን አታጥፉ



እኔ የትንንሾቹ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ወረቀት ማጠፍ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገራችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የእናንተን ልጆች አማርኛ የማስተምረው እኔ፣ የገዛ ልጄ አማርኛ አይናገርም ነበር። ይሰማል፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ስንቶቻችሁ ቤት እንዲህ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ቤት እንዲህ ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት፣ እዚህ ሜሪላንድ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ ለልጆቹ ባለቀለም ወረቀት አደልኩና «እሺ፣ አሁን እጠፉት» አልኳቸው። የስድስት ዓመቱ ልጄ ከወንበሩ ተነሣ፤ ወደ በሩ ሄደና የክፍሉን መብራት ድርግም አደረገው።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሳቄ ጠፋ። «እጠፉ» ስል እሱ የሰማው «አጥፉ» ነው። ለምን ቢባል፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ የምለው ይኸው ነዋ! «መብራት አጥፋ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ቶሎ ብላ፣ ተኛ።» ጨዋታው፣ ቀልዱ፣ የማታ ታሪኩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ለልጄ የትእዛዝ ቋንቋ ሆኖበታል ማለት ነው።

ያን ጊዜ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ከእኛ ጋር ነበረች። ከሰኔ ጀምሮ ከልጅ ልጇ ጋር አንድ ቤት እየኖሩ የሚነጋገሩት በእጅና በፈገግታ ነው። አንድ ቀን «ልጅሽ ጨዋ ነው፤ እኔ ግን እንግዳ ሆንኩበት» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። የምትመለሰው በኅዳር ነው፤ የቀረን አንድ ወር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሰኞ ማታ ወረቀቱን የራት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት።

ልጆች፣ የወረቀት ማጠፍ ጥበብ በዓለም ላይ የሚታወቀው በጃፓንኛ ስሙ ኦሪጋሚ ተብሎ ነው። «ኦሪ» ማጠፍ፣ «ካሚ» ደግሞ ወረቀት ማለት ነው። አኪራ ዮሺዛዋ የሚባሉ (ከ1911 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የኖሩ) ታላቅ ጃፓናዊ አጣፊ፣ አስተጣጠፉን በነጠብጣብ መስመርና በቀስት የሚያሳይ የአሣሣል ዘዴ ፈጠሩ። በዚህ የተነሣ ዛሬ ጃፓንኛ የማያውቅ ሰው ሥዕሉን ብቻ እያየ ያጥፋል። ድንቅ ነገር ነው። ለእኔ ቤት ግን አልሆነም፤ ሥዕል ካለ ማንም አፉን አይከፍትም። ስለዚህ መጽሐፉን ደበቅኩት። ወላጆች፣ እናንተም ደብቁት፤ በአፋችሁ ንገሯቸው።

መጀመሪያ የሠራነው የመጸው ቅጠል ነው። እኩል አራት ማዕዘን የሆነ ወረቀት ያስፈልጋል። ከሌላችሁ የማተሚያ ወረቀት ውሰዱና የላይኛውን አጭር ጠርዝ ከጎኑ ረጅም ጠርዝ ጋር እስኪገጥም እጠፉት፤ የተረፈውን በመቀስ ቁረጡ፤ ሲዘረጋ እኩል ነው። አሁን በእጥፉ መስመር ላይ ሁለት ቦታ ቁረጡት። ሁለት ሦስት ማዕዘን አገኛችሁ አይደል? እያንዳንዱ አንድ ቅጠል ይሆናል። ከረጅሙ ጠርዝ ጀምራችሁ፣ በአንድ ጣት ስፋት፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ እያደረጋችሁ እስከ ሹሉ ጫፍ ድረስ እጠፉ።

እዚህ ላይ ቃል አጠረኝ። ይህን አስተጣጠፍ በአማርኛ ምን ልበለው? እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና «ሽንሽን ነዋ! ሽንሽን ቀሚስ አታውቂም?» አለች። ተነሥታም መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች።

የተሸነሸነውን ዘንግ መሀሉ ላይ ለሁለት እጠፉት፤ ረጅሙ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይሁን። የረጅሙ ጠርዝ ሁለት ግማሾች ፊት ለፊት ሲገናኙ በኮላ አጣብቋቸው። ከዚያ ሽንሽኑን እንደ ማራገቢያ ዘርጉት። ሥሩ ላይ ቀጭን ወረቀት ብትለጥፉለት ግንድ ያዘ ማለት ነው።

የእናቴ የመጀመሪያ ቅጠል ወደ አንድ ወገን ዘመመ። ልጄ አየው፣ አገላበጠውና «ጠማማ» አለ። በስንት ወሩ ለአያቱ ያላት የመጀመሪያዋ የአማርኛ ቃል ይህች ናት። እናቴ አልተቀየመችም። ከገበያ ማስታወቂያዎች አንዱን ወረቀት አንሥታ በሁለት እጅ እንቅስቃሴ ጥቅልል አደረገችው፤ ታቹን ቆልመም፣ ውስጡን ቆሎ ሞላችለት። በእሷ ጊዜ ቆሎ የሚሸጠው እንዲህ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። ልጄ ዓይኑ ፈጠጠ። ሌላ ወረቀት አቀበላትና «እማማ፣ እጠፍ!» አላት።

«እኔ ወንድ ነኝ እንዴ? እጠፊ በለኝ እንጂ!»

«እጠፊ!»

አስተማሪነቴ ምላሴን በላኝ፤ ለታላቅ ሰው «እጠፉ» ይባላል ልል ነበር። ዝም አልኩ። ደግሞም ደስ ያላት ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ቀበሮ ሠራን። ይህቺ ከቅጠሉ ትቀላለች፤ መቀስም አትፈልግም፤ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ጥሩ ናት። ብርቱካንማ አራት ማዕዘን ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ አጥፋችሁ ሦስት ማዕዘን አድርጉ፤ ሹሉ ወደ ላይ፣ ረጅሙ ጠርዝ ወደ እናንተ ይሁን። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አምጡና ረጅሙን ጠርዝ አስነኩት። አሁን የግራውንና የቀኙን ጥግ ከረጅሙ ጠርዝ መሀል ጀምራችሁ ወደ ላይ እጠፉ፤ ጫፎቻቸው ከላይ ብቅ ይበሉ፤ ጆሮ ናቸውና። መስመሩን በጥፍራችሁ ጫን አድርጋችሁ ሳቡበት። ከዚያ ገልብጡት፤ ዓይንና አፍንጫ ሣሉላት።

እናቴ «ይቺማ የባሌዋ ቀይ ቀበሮ ናት» አለች። ልጆች፣ ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ፣ በባሌና በስሜን ተራሮች የምትኖር፣ አይጥና ፍልፈል እያደነች የምትበላ እንስሳ ናት። ሳይንቲስቶች ዝምድናዋ ከተኩላ ጋር ነው ይላሉ። የቀሩት ወደ 500 ገደማ ብቻ ናቸው። ልጄ ይህን ሲሰማ 500 ልንሠራ ነው ብሎ ተነሣ፤ አሥራ አንድ ላይ ደከመው።

የወቅቱን ስምም ያስተማረችን እሷ ናት። እኔ ልጆቹን «ጸደይ» እያልኩ ሳስተምር ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። በአገራችን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 በኋላ ያለው ነው። በመስኮት የጎረቤቱን ዛፍ እያየች «እኛ ዘንድ ቢጫው ከመሬት ይወጣል፤ እዚህ ከላይ ይወርዳል» አለች። እሷ ልጅ ሳለች ወንድሞቿ ለእንቁጣጣሽ ወረቀት ላይ አበባ ሥለው ለየጎረቤቱ ያዞሩ እንደነበረ ለልጄ አጫወተችው። እኔ መሀል ገብቼ ሁለት ቃል ብቻ ነው የተረጎምኩት። በቢጫ ወረቀት አደይ አበባም ሞክረን ነበር። እንዴት እንዳጠፍነው አልነግራችሁም፤ አላማረልንም።

በኅዳር ሄደች። አንዷን ቀበሮ ፓስፖርቷ መሀል አድርጋ ይዛት ነው የሄደችው። ልጄ አሁን አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ነው። እሑድ እሑድ ግን ይደዋወላሉ። በቀደም እናቴ «ቀበሮዬ ተዘረጋችብኝ፤ እንዴት ነበር?» አለችው። ኔትወርኩ ምስል አልይዝ ብሎ ስለነበረ ማሳየት አልቻለም። ስልኩን በጆሮው ይዞ በባዶ እጁ አየር ላይ እያጠፈ ይነግራት ጀመር። መስመሩ መቆራረጥ ሲጀምር ደግሞ ጮክ አለ፤

«እማማ፣ ጆሮውን እጠፊ! ስልኩን አታጥፊ!»

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ብርቱካንማና ቢጫ ወረቀት፣ ኮላም ይዛችሁ ኑ። አያት ያላችሁ አያታችሁንም አምጡ፤ ወንበር እንጨምራለን።