ከፊት የሚወጣው ገጽ

ሃያ ሰው በአንድ ፕሪንተር በሚጠቀምበት ቢሮ የአንዱ ወረቀት ከሌላው መደባለቁ አይቀርም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት አንድ መለያ ገጽ እንዲወጣ ይደረጋል። ገጹ ያዘዘውን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ አንዳንዴም የፋይሉን መጠሪያ ይይዛል። ልማዱ የቆየ ነው፤ ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች በተያያዘ ረጅም ወረቀት ያትሙ በነበረበት ዘመን ሠራተኛው የት ቆርጦ ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቀው በዚህ ገጽ ነበር።

አንድ ወገናችን ግን በዚሁ ገጽ ምክንያት ተቸገረ። በምሳ ሰዓት ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚልከውን ደብዳቤ አተመ። ደብዳቤውን ያነበበ የለም። ከላይ የተቀመጠው ገጽ ግን ስሙንና «የሥራ ማመልከቻ» የሚለውን መጠሪያ ይዞ ስለነበር አለቃው ቀድመው አዩት። አዲሱ ሥራ ገና ሳይገኝ በድሮው ላይ ዓይን በዛበት። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከፕሪንተር የወጣም እንደዚያው ነው።

ገጹን ማስቀረት ከባድ አይደለም። በዊንዶውስ፣ በፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «አድቫንስድ» በሚለው ሥር «ሴፓሬተር ፔጅ» ይገኛል፤ እዚያ የተጻፈውን የፋይል ስም ማጥፋት ይበቃል። በጋራ ፕሪንተር ላይ ግን ይህን የሚያደርገው የኮምፒውተር ኃላፊው ነው። ገጹ አይቀርም ቢባል እንኳ፣ የፋይሉ መጠሪያ ወጥቶ ስም ብቻ እንዲጻፍ መጠየቅ ነውር የለውም። ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሁለት ወረቀት እንደሚበላም ማስታወስ ይረዳል።

እስከዚያው ድረስ የግል ጉዳይን በቤት ወይም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማተም ይሻላል።